ስታር ኦፍ ኢንዲያ፦ ስለ 160 ዓመቷ የብረት ሸራ መርከብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ዲዬጎ ሄዶ የወደቡን ዳር ይዞ የተራመደ ሰው ሳያያት አያልፍም። ጥቁር አካል፣ ሦስት ረጃጅም ምሰሶ፣ ከላይ እስከ ታች የተወጣጠረ ገመድ። አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ትንሽ ቆም ያለ ግን መጠየቅ ይጀምራል፤ ስንት ዓመቷ ነው? እውነት ትሄዳለች? ስሟ ህንድ ሆኖ አሜሪካ ምን ትሠራለች? መልሶቹ እነሆ። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስታር ኦፍ ኢንዲያ ማን ናት?

በ1863 ህዳር ወር፣ በ14ኛው ቀን ውሃ ላይ የወረደች የብረት ሸራ መርከብ ናት። የተሠራችው በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን ደሴት፣ ራምዚ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስትወለድ ስሟ ዩተርፒ ነበር። በግሪኮች ተረት ዩተርፒ የሙዚቃ አምላክ ናት። ያሁኑን ስሟን ያገኘችው ከ43 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስላለው ወደ ታች እንመጣበታለን።

አካሏ 62 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወርዷ ወደ 10.7 ሜትር ነው። ዛሬ ካሉት የዕቃ መርከቦች ጎን ብትቆም የምትታይ አይደለችም። በጊዜዋም ቢሆን ግዙፍ የምትባል አልነበረችም። ፈጣንም አልነበረችም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው አንዳንድ ሰው ዝነኛ የባሕር ንግሥት ነበረች ብሎ ስለሚያስብ ነው። ዩተርፒ ጭነት የምታመላልስ ተራ የሥራ መርከብ ነበረች። ስለ ዝነኞቹ ብዙ ተጽፏል፤ እንደሷ ያሉት ግን በሺዎች ሲሠሩ ኖረው፣ አርጅተው፣ ተቆራርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠዋል። እሷ መትረፏ ነው የሚገርመው።

በ1863 መርከብ በብረት መሥራት አዲስ ነገር ነበር?

ጨርሶ አዲስ አልነበረም፤ ግን ገና አልተለመደም። ባሕሩ ላይ የነበረው መርከብ አብዛኛው እንጨት ነው። ብሪታንያ ትልልቅ ዛፍ እየጨረሰች ነበር፤ የብረትና የድንጋይ ከሰል ግን አላጣችም። ብረት ሌላም ጥቅም ነበረው። የእንጨት መርከብ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ይጠባል። የብረቱ ሳንቃ ስስ ነው፤ ስለዚህ ያው መጠን ያላት መርከብ ብዙ ጭነት ትይዛለች። ነጋዴ ደግሞ የሚያየው እሱን ነው።

አሠራሩን በዓይነ ሕሊና ማየት ይቻላል። በዚያ ዘመን ብየዳ የለም። የብረት ሳንቃዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይደራረባሉ፤ ቀዳዳዎቻቸው ይገጣጠማሉ። አንድ ልጅ ወናፍ ባለው ምድጃ ላይ ሪቬት ያግላል። ሪቬት ማለት አናት ያለው አጭር የብረት ካስማ ነው። ሲፋጅ በጉጠት አንስቶ ያቀብላል። አንዱ ከውስጥ ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ በከባድ መዶሻ ደግፎ ይይዛል። ከውጭ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ጫፉን ቀጥቅጠው ያሰፉታል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሁለቱን ሳንቃ አጥብቆ ይስባል። ይሄ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ የተሠራ ነው። መርከቧ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች የወረደ ሰው የነዚያን ሪቬቶች አናት ዛሬም ተደርድረው ያገኛቸዋል።

ብረቱም ዛሬ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። የዚያ ዘመን ተቀጥቃጭ ብረት ዝገትን ከኋለኛው ርካሽ የመርከብ ብረት የተሻለ ይቋቋማል ይባልለታል። ለዕድሜዋ መርዘም አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ብረት ችግር አልነበረውም?

ነበረው እንጂ። ሁለት ከባድ ችግር ነበረው።

የመጀመሪያው ኮምፓስ ነው። ሰሜንን የሚጠቁም መሣሪያ ይዘህ ብረት ሳጥን ውስጥ ብትገባ መርፌው ወዴት ያመለክታል? የብረት መርከብ ሲሠራ በመዶሻ ሲደበደብ ራሱ ማግኔት ይሆናል። ጆርጅ ኤሪ የሚባለው እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1838 በኮምፓሱ ዙሪያ ማግኔትና ብረት በልኩ እያስቀመጡ ስህተቱን ማረም እንደሚቻል አሳይቷል። ቢሆንም ችግሩ በአንድ ቀን አልጠፋም። በ1854 ቴይለር የምትባል አዲስ የብረት መርከብ ከሊቨርፑል ተነስታ ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ ስትወጣ ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ደብሊን አጠገብ ካለች ደሴት ጋር ተላተመች። ከ650 በላይ ሰው ጭና ነበር፤ ከግማሽ በላዩ አለቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ የተሳሳተው ኮምፓሷ ነበር። ዩተርፒ የተሠራችው ከዚያ 9 ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በብረት መርከብ ለመሳፈር የሚያመነታ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ከታች የሚጣበቀው ነው። የእንጨት መርከብ ሆዱን በመዳብ ቅጠል ይለብሳል፤ የባሕር ሣርና ዛጎል ለባሽ ትናንሽ ፍጥረታት መዳብ ላይ አይመቻቸውም። ብረት ላይ ግን መዳብ ብትለጥፍ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ብረቱ ይበላል። ስለዚህ የብረት መርከብ ወራት ስትጓዝ ጢም ታበቅላለች፤ ፍጥነቷም ይቀንሳል። ኋላ ላይ አጥንቱን በብረት፣ ልብሱን በእንጨት አድርገው፣ ላዩን በመዳብ የለበጧቸው መርከቦች ተሠሩ። ለንደን ውስጥ ያለችው ዝነኛዋ ካቲ ሳርክ ከነዚያ አንዷ ናት። ዩተርፒ ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ናት፤ ከነጢሟ ነው የሠራችው።

በመጀመሪያ ጉዞዋ መርከበኞቿ አምፀዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እንዲህ ያለ ክፉ አጀማመር ያላት መርከብ ጥቂት ናት።

በጥር 1864 ከሊቨርፑል ወደ ካልካታ ተነሳች። ካፒቴኗ ዊሊያም ስቶሪ ይባላል። ገና የዌልስን ዳርቻ ሳትርቅ፣ በሌሊት፣ መብራት ካላበራች የስፔን መርከብ ጋር ተጋጨች። ከአፍንጫዋ ወደ ፊት ወጥቶ የፊት ሸራዎችን የሚይዘው ረጅም ግንድ ተሰበረ፤ ገመዱም ተበጣጠሰ። መርከበኞቹ በዚህች ነገር አንሄድም አሉ። ካፒቴኑ ወደ አንግልሲ ደሴት ለመመለስ ተገደደ። ከመርከበኞቹ 17ቱ ቦማሪስ እስር ቤት ገብተው የከባድ ሥራ ቅጣት ተፈረደባቸው። የዚያ ዘመን ሕግ ለመርከበኛ አያዝንም፤ አንዴ ከፈረምክ ሰጥ ለጥ ብለህ መሄድ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ባሰ። በ1865 ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ኃይለኛ ማዕበል ያዛት። እንዳትገለበጥ ምሰሶዎቿን መቁረጥ ግድ ሆነ። ምሰሶ መቁረጥ ማለት መጓጓዣህን በገዛ እጅህ ማጥፋት ነው፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው። እየተንፏቀቀች ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው አገር ትሪንኮማሊ ወደብ ደረሰች፤ ከዚያ ካልካታ ሄዳ ታደሰች። ካፒቴን ስቶሪ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተ። የተቀበረው ባሕር ላይ ነው።

መርከበኛ ደግሞ ገድ ያያል። ሁለት ጉዞ፣ ሁለት መከራ፣ አንድ የሞተ ካፒቴን። ገደ ቢስ ተብላ ሥራ ብታጣ አይገርምም ነበር። ግን ተሸጠች፣ ሌላ ባለቤት አገኘች፣ ወደ ህንድ አራት ጉዞ ያለ ብዙ ኮሽታ ሄዳ ተመለሰች።

ታዲያ የህንዱን መስመር ለምን ተወች?

የስዊዝ ካናል ነው ያስወጣት። ካናሉ በ1869 ሲከፈት ከአውሮፓ ወደ ህንድ ለሚሄድ የእንፋሎት መርከብ መንገዱ በሺዎች ኪሎሜትር አጠረ። የሸራ መርከብ ግን በካናሉ ውስጥ በጎታች ካልሆነ አታልፍም፤ ብታልፍም ጠባቡና ረጅሙ ቀይ ባሕር ከነነፋሱ ለትልቅ ሸራ መርከብ አይመችም። ስለዚህ እንደ ዩተርፒ ያሉት አፍሪካን ዞረው ሲሄዱ እንፋሎቶቹ በአቋራጭ ቀደሟቸው። ሥራው አብሮ ሄደ።

ለሸራ የቀረው ሩቅ ሩቁ ነው። የእንፋሎት መርከብ ከሰል የምትሞላበት ወደብ ትፈልጋለች፤ ነፋስ ግን የትም አለ፤ አይከፈልበትም። በ1871 ሾው ሳቪል የተባለ የለንደን ኩባንያ ገዛትና ወደ ኒው ዚላንድ ላካት።

ወደ ኒው ዚላንድ ማንን ነበር የምታመላልሰው? ኑሮውስ?

ስደተኞችን። የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ ድሆችን፣ የእርሻ ሠራተኞችን፣ የቤት ሠራተኛ ልጃገረዶችን፣ ባለሙያዎችን። ሃያ አምስት ዓመት ያህል ይሄን ሠራች። ከታሪኳ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄኛው ምዕራፍ ነው።

ጉዞው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ። ሲሄዱ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ አልፈው፣ ደቡቡን ውቅያኖስ ይዘው፣ ኒው ዚላንድ ይገባሉ። ሲመለሱ ያው ነፋስ ከኋላ እየገፋቸው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞረው እንግሊዝ ይደርሳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ ምድርን አንድ ዙር ነው። ዩተርፒ 21 ጊዜ ዞራለች። አንዳንዱ ዙር ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረውም ነበር።

መሄጃው ብቻ ሲፈጥን 100 ቀን ይፈጃል፤ ሲዘገይ 143 ቀን። አምስት ወር ገደማ ማለት ነው፤ አንዲት የብረት ቤት ውስጥ፣ መሬት ሳያዩ።

ተሳፋሪው የሚኖረው በላይኛው ወለልና በጭነት ማስቀመጫው መካከል ባለው ፎቅ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። በግራና በቀኝ ጎን ተደራራቢ የእንጨት አልጋ ተሠርቷል። ከሳንቃ የተሠራ ረጅም ገበታ መሃል ላይ አለ፤ በላተኛው ወረፋ ይዞ ይቀመጣል። በስደተኛ መርከቦች ልማድ ወንደላጤዎች ከፊት፣ ባለትዳሮች ከነልጆቻቸው መሃል፣ ያላገቡ ሴቶች ከኋላ ነበር የሚያድሩት፤ ጠባቂም ይመደብባቸዋል። ባሕሩ ሲቆጣ ወደ ላይ የሚያወጡት በሮች ይዘጋሉ። ያኔ ታች ያለው ሰው ጨለማ ውስጥ፣ በዘይት ፋኖስ ብርሃን፣ ከሚያስመልሰውና ከሚያለቅሰው ሕፃን ጋር ተቆልፎ ይቆያል። ምግቡ ጨው የበዛበት ሥጋና ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ብስኩት ነው። ገንዘብ ያለው ላይኛው ወለል ላይ ከታጎሩት እንስሳት ትኩስ ሥጋ ይደርሰዋል፤ ታች ያለው ሽታውን ብቻ።

ሆኖም ሰው እዚያም ሰው ነው። ይዘፍናል፣ ይጣላል፣ ይዋደዳል። በ1879ኙ ጉዞ ተሳፋሪዎቹ «ዩተርፒ ታይምስ» የሚል የራሳቸውን ጋዜጣ እስከማዘጋጀት ደርሰዋል፤ በውስጡ የጉዞ ወሬ፣ ግጥምና ቀልድ አለበት። መንገድ ላይ የተወለዱ ልጆችም አሉ። ለአንዲት ሕፃን ወላጆቿ ከሁለት ስሞቿ አንዱን ዩተርፒ አድርገውላታል። ወደ ማያውቁት አገር አምስት ወር ተጉዞ መውለድን ለሚያስብ ሰው ይሄ የቀልድ ስም አይመስለውም።

ሀዋይስ እንዴት ገባችበት?

በአጭሩ፣ በሽያጭ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ኒው ዚላንድም የእንፋሎት ሆነ፤ ዩተርፒ ወደ ፓስፊክ ነጋዴዎች ተላለፈች። ለጥቂት ዓመት የሀዋይን ባንዲራ ሰቅላ እንጨት፣ የድንጋይ ከሰልና ስኳር አመላለሰች። ሀዋይ ወደ አሜሪካ ስትጠቃለል እሷም በ1900 በአሜሪካ መዝገብ ገባች። ዜግነቷ ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው።

ስሟ ለምን ተቀየረ? ከህንድ ጋርስ ይገናኛል?

ህንድ ሄዳ የምታውቅ መሆኗና ስሟ መግጠሙ የአጋጣሚ ነው።

በ1901 የገዛት የሳን ፍራንሲስኮው አላስካ ፓከርስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ሳልሞን ዓሣ በቆርቆሮ እያሸገ የሚሸጥ ትልቅ ድርጅት ነበር። እሷን ከመግዛቱ አካባቢ ከአየርላንድ ባለቤቶች ሌሎች የብረት መርከቦችም ገዝቶ ነበር፤ የሁሉም ስም በ«ስታር» ይጀምራል፤ ስታር ኦፍ ራሺያ፣ ስታር ኦፍ ቤንጋል፣ ስታር ኦፍ ኢጣሊ፣ ስታር ኦፍ ፍራንስ። ማኅበሩ አጠራሩን ወደደውና የቀሩትንም በዚያው ሰየመ። በ1906 ዩተርፒ ስታር ኦፍ ኢንዲያ ሆነች። የአንድ ታክሲ ባለንብረት መኪኖቹን ሁሉ አንድ ቀለም እንደሚቀባቸው ያለ ነገር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከስሟ በፊት መልኳም ተቀይሯል። መጀመሪያ ሦስቱም ምሰሶዎቿ አግዳሚ ዘንግና አራት ማዕዘን ሸራ ነበራቸው። ማኅበሩ የኋለኛውን ምሰሶ አግዳሚዎች አውልቆ በቁመት የሚዘረጋ ሸራ አደረገበት። አግዳሚ ሲቀንስ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ሰውም ይቀንሳል። ደመወዝም እንዲሁ። ዛሬ የምናያት በዚህኛው መልኳ ነው።

አላስካ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?

በየዓመቱ ጸደይ ላይ ዓሣ አጥማጆችን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን፣ የድንጋይ ከሰልና ባዶ ቆርቆሮ ጭና ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ትነሳለች። ቤሪንግ ባሕር ዳር፣ ኑሻጋክ ትደርሳለች። በጋውን መልህቅ ጥላ ትጠብቃለች። መኸር ሲገባ የታሸገ ሳልሞን ሞልታ ትመለሳለች። 22 ጊዜ ተመላልሳለች።

ዘመኑ የእንፋሎት ሆኖ ሳለ ለምን በሸራ? ሂሳቡ ቀላል ነው። መርከቧ ወራት ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ውድ የእንፋሎት መርከብ አቁሞ ማዋል ኪሳራ ነው። ያረጀች ሸራ መርከብ ግን ርካሽ ናት፤ ቆማም መጋዘን ትሆናለች።

ይሄ ዘመን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነፋስና ስለ በረዶ ነው። በረዶውስ አለ፤ አንዴ ብሪስቶል ቤይ ላይ ጥርቅም አድርጎ ይዟታል። ግን ስለ ሰዎቹም ሊወራ ይገባል። ዓሣ አጥማጆቹ በአብዛኛው ኢጣሊያውያንና ስካንዲኔቪያውያን ነበሩ። ዓሣውን የሚቆርጡትና የሚያሽጉት ደግሞ ቻይናውያን፣ ጃፓናውያን፣ ፊሊፒናውያንና ሜክሲኳውያን ናቸው፤ በደላላ ተቀጥረው፣ በርካሽ፣ በመጥፎ ማደሪያ ተጨናንቀው። በ1908 እህት መርከቧ ስታር ኦፍ ቤንጋል ከአላስካ ስትመለስ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰባበረች። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። አብዛኞቹ እነዚሁ የእስያ ሠራተኞች ነበሩ።

ሳን ዲዬጎ እንዴት ደረሰች? ለቁርጥራጭስ እንዴት አልተሸጠችም?

በ1923 ከሥራ ወጣች። በ1926 የሳን ዲዬጎ የእንስሳት ጥናት ማኅበር በ9 ሺህ ዶላር ገዛት። የከተማዋን መካነ እንስሳት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። መርከቧን የባሕር ሙዚየምና የዓሣ ማሳያ ማዕከል ሊያደርጋት አስቦ ነበር። በ1927 ተጎትታ መጣች።

ከዚያ ምንም አልሆነም። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ፣ ገንዘብ ጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የምሰሶዎቿ የላይኛው ክፍል ለአውሮፕላን ያሰጋል ተብሎ ወረደ። መርከቧ እዚያው ቆማ ዛገች፤ እንጨቷ በሰበሰ፣ ገመዷ ተበጣጠሰ። ሠላሳ ዓመት።

በ1957 አለን ቪሊየርስ የተባለው አውስትራሊያዊ ካፒቴንና ጸሐፊ ወደ ከተማዋ መጣ። በሸራ መርከብ ዓለምን የዞረ፣ ስሙ የተከበረ ሰው ነው። አያትና ያለ ይሉኝታ ተናገረ፤ እንዲህ ያለ ቅርስ ይዛችሁ ታበሰብሳላችሁ ወይ አለ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከተማዋ ሲነገራት ነቃች፤ በ1959 እድሳቷን የሚደግፍ ማኅበር ተቋቋመ። እድሳቱ ብዙ ዓመት ፈጀ። ሐምሌ 4 ቀን 1976፣ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ስታር ኦፍ ኢንዲያ ከ53 ዓመት በኋላ ሸራዋን ዘርግታ ባሕር ወጣች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከዳርና ከጀልባ ላይ ሆኖ አያት።

ለቁርጥራጭ ያልተሸጠችው ለምን ተብሎ ከተጠየቀ፣ የገዛት የእንስሳት ጥናት ማኅበር ገንዘብ ባይኖረውም ተስፋ ስላልቆረጠ ነው። ደግሞ ያ ተቀጥቃጭ ብረቷ ሠላሳ ዓመት ቸልታን ቻለ። የእንጨት መርከብ ብትሆን ኖሮ ከወደቡ ግርጌ ነበር የምትገኘው።

«የዓለማችን አሮጌ መርከብ» ናት የሚባለው ትክክል ነው?

እንዲህ ተብሎ ሲነገር ትክክል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ያለችው ቪክቶሪ በ1765 ውሃ ላይ የወረደች ናት፤ ግን ደረቅ መቆሚያ ላይ ነው ያለችው። ቦስተን ያለችው ኮንስቲትዩሽን የ1797 ናት፤ ውሃ ላይ ናት፣ በ1997ና በ2012 ለአጭር ጊዜ በሸራ ሄዳለች። ሁለቱም በዕድሜ ይበልጧታል። ስለ ስታር ኦፍ ኢንዲያ በትክክል የሚባለው፣ ዛሬም በየጊዜው በሸራ ባሕር ከሚወጡ መርከቦች ሁሉ አሮጌዋ መሆኗ ነው። «በየጊዜው» የምትለዋን ቃል የሚጥል ሰው ክርክር ውስጥ ይገባል። በ2013 150ኛ ዓመቷን፣ በ2023 ደግሞ 160ኛዋን ባሕር ወጥታ ነው ያከበረችው።

ሞተር ከሌላት እንዴት ትወጣለች?

ሞተር ተገጥሞላት አያውቅም። ከወደቡ ጎታች ጀልባ ይስባታል፤ ሰፊው ባሕር ላይ ስትደርስ ሸራ ይዘረጋል። ሠራተኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አስተማሪ፣ መሐንዲስ፣ ጡረተኛ። ለአንዲት ቀን ጉዞ ብለው ወራት ይለማመዳሉ።

ልምምዱ የሚያስፈልገው ለገመዱ ነው። ግራና ቀኝ በመርከቧ ጠርዝ ላይ የእንጨት ካስማዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ካስማ ላይ አንድ ገመድ ተጠምጥሟል። ለእንግዳ ዓይን ሁሉም አንድ ነው። ግን አንዱ ሸራ ያወርዳል፣ አንዱ አግዳሚውን ያዞራል፣ አንዱ የሸራውን ጫፍ ይስባል። ቦታቸው አይቀየርም፤ መርከበኛው በጨለማ፣ በዝናብ፣ እጁን ዘርግቶ የሚፈልገውን ማግኘት አለበት። የተሳሳተውን ብትፈታ ላይ ያለውን ሰው ልትጥለው ትችላለህ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

በቀጥታ የለም። በአፍሪካ ደቡብ ዞራ ስለምትሄድ ምጽዋም ሆነ ዙላ የሚያደርሳት ምክንያት አልነበረም። ዘመኑን ለማስታወስ ግን ይጠቅማል። ዩተርፒ ያንን መጥፎ የመጀመሪያ ጉዞ በጀመረችበት በዚያው ጥር 1864 ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ጦሱ መቅደላ ድረስ ሄደ። ናፒየር ሠራዊቱን ይዞ ዙላ ሲወርድ ጭነቱን ያመላለሱት የእንፋሎትና የሸራ መርከቦች ናቸው። ስዊዝ ካናል ገና አልተከፈተም ነበርና አብዛኞቹ የመጡት ከቦምቤይ ነው። እሷ ከመካከላቸው አልነበረችም፤ የዘመን ጓዶቿ ግን ነበሩ።

መንፈስ አለባት ይባላል፤ እውነት ነው?

ያረጀ ነገር ሁሉ ይሄ አይቀርለትም። ብዙ ጊዜ የሚወራው ተደብቆ ስለ ተሳፈረ አንድ ልጅ ነው። ሲገኝ ሥራ ይሰጠዋል፤ ከምሰሶ ላይ ይወድቃል፤ ከቀናት በኋላ ይሞታል። ዛሬም በምሰሶው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ቀዝቃዛ እጅ ይነካዋል ይባላል። የባሕር ነፋስ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆመህ ቀዝቃዛ ነገር ቢነካህ እኔ አልደነቅም። ከምሰሶ ወድቆ መሞት ግን በዚያ ዘመን የተለመደ የሥራ አደጋ ነበር።

እንደሷ ያሉ ሌሎች የብረት ሸራ መርከቦች የት አሉ?

ሲድኒ ውስጥ የ1874ቷ ጄምስ ክሬግ አለች፤ እሷም በሸራ ትወጣለች። ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ውስጥ የ1877ቷ ኤሊሳ አለች። ሜልቦርን ውስጥ የ1885ቷ ፖሊ ዉድሳይድ አለች። የ1878ቷ ፎልስ ኦፍ ክላይድ ግን ሆኖሉሉ ወደብ ውስጥ አዳሽ አጥታ ለዓመታት ስትፈራርስ ኖራ፣ በ2025 ተጎትታ ወጥታ ባሕር ውስጥ እንድትሰምጥ ተደረገ። ስታር ኦፍ ኢንዲያም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው።

ለመጎብኘት ብሄድ ምን ልይ?

ሳን ዲዬጎ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ቅዳሜን እዚያ ቢያሳልፍ አይቆጭም። መርከቧ ያለችው በከተማዋ የባሕር ሙዚየም ውስጥ ነው። ትኬቱ የሙዚየሙን ሌሎች መርከቦችም ያሳያል፤ የ1898ቷ የእንፋሎት ጀልባ በርክሊ ከነሱ አንዷ ናት።

ብዙ ሰው ላይኛው ወለል ላይ መሪውን ይዞ ፎቶ ይነሳና ይወርዳል። መጀመሪያ ከዳር ሆነህ አፍንጫዋ ሥር ያለችውን የሴት ቅርጽ እይ፤ ዩተርፒ ናት፤ የመርከቧ ስም ሲቀየር እሷን ያነሳት የለም። ከዚያ ወደ መካከለኛው ፎቅ ውረድ። የስደተኞቹን አልጋ ስፋት በክንድህ ለካው። ከሁሉም በታች ወዳለው ጭነት ማስቀመጫም ሂድ፤ የ1863ቱ ብረት ሳይሸፈን የሚታየው እዚያ ነው። ደረጃው ቁልቁል ስለሆነ ረጅም ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ አይመከርም። ሕፃን በጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ጋሪውን ላይ መተው ሳይሻል አይቀርም።